ሲሶው ለምን ለክርስቲያኑ ልጅ ሆነ? በ1941 ዓ.ም. ደሴ ላይ ስለ ተጻፈ የአንዲት እናት ኑዛዜ

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂያችን ደሴ ሸዋ በር አካባቢ የሚገኘውን የአባታቸውን ቤት ዕቃ ሲያስተካክሉ፣ ቅድመ አያታቸው ሰኞ ኅዳር 13 ቀን 1941 ዓ.ም. ያስጻፉትን የኑዛዜ ወረቀት በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አግኝተዋል። ቅድመ አያታቸው የደላንታ ተወላጅ ናቸው። ከመጀመሪያው ክርስቲያን ባላቸው አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ደሴ መጥተው አንድ ሙስሊም ነጋዴ አግብተዋል፤ ሰልመውም ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወልደዋል። የመጀመሪያው ልጅ በአባቱ ዘመዶች እጅ በክርስትና አድጓል፤ ጠያቂያችን የእሱ የልጅ ልጅ ናቸው። ሁለተኛው ባል ቀድመው ያረፉ ሲሆን፣ ተናዛዧ የሞቱት በ1944 ዓ.ም. ነው።

የወረቀቱ ፍሬ ነገር፣ እርስዎ እንደ ገለበጡት፣ እንዲህ ይላል፦ «ጠቅላላ ገንዘቤ በሽማግሌ 420 ብር ተገምቷል፤ ዕዳዬና የከፈኔ ወጪ 60 ብር አስቀድሞ ይነሣ፤ ከተረፈው ሲሶውን ለታላቁ ልጄ ሰጥቻለሁ፤ የቀረውን ሦስቱ ልጆቼ እንደ ሸሪዓው ይካፈሉ፤ ቤቱን ለታላቋ ሴት ልጄ ሰጥቼ ቁልፉን ካስረከብኳት ሦስት ዓመት አልፏል፤ ከሚካፈለው አይቆጠርም፤ ደላንታ ያለው የአባቴ ርስት እንደ አገሩ ደንብ ነው።»

ቤተ ዘመዱ በዚህ ወረቀት ምክንያት ሆድና ጀርባ ሆኗል። ገሚሱ ክርስቲያን ከሙስሊም ስለማይወርስ ወረቀቱ የሐሰት ነው ይላል፤ ገሚሱ እናቲቱ ለበኩር ልጃቸው አድልተዋል ይላል፤ «ሦስቱ» የሚለው ቃል ተፍቆ እንደገና የተጻፈ መሆኑን ያየ ደግሞ ሰው ነካክቶታል ብሎ ይጠረጥራል። ምስክሮቹ ሁለት ብቻ መሆናቸውም ተነሥቷል። እንግዲህ የእርስዎ ጥያቄ ወረቀቱ እውነተኛ ነው ወይ፣ ክፍፍሉስ ለምን እንዲህ ሆነ፣ ዛሬስ በፍርድ ቤት የሚያስገኘው ነገር አለ ወይ የሚል ነው።

ከክፍፍሉ ልጀምር፤ ስሌቱ ከተፈታ በወረቀቱ ላይ የተነሣው ጥርጣሬ አብዛኛው አብሮ ይፈታልና። በእስልምና የውርስ ሕግ የሟች ገንዘብ የሚሰጥበት ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። በመጀመሪያ የከፈንና የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ዕዳ፣ ከዚያም ኑዛዜ፣ ወይም በሸሆቹ አጠራር ወሲያ፣ ይነሣል፤ ወራሾች የሚካፈሉት ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ነው። ኑዛዜው ወጪና ዕዳ ከተነሣ በኋላ ከተረፈው ገንዘብ ከሲሶ ሊበልጥ አይችልም፤ ቢበልጥ ትርፉ የሚጸናው ተናዛዡ ከሞተ በኋላ ወራሾቹ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ለወራሽም ኑዛዜ አይደረግም፤ የወራሽ ድርሻ በሕጉ ተቆርጦ የተሰጠ ስለሆነ እናት ከአንዱ ሙስሊም ልጇ አብልጣ ለሌላው በኑዛዜ ልትጨምር ብትፈልግ የቀሩት ወራሾች ፈቃድ ያስፈልጋታል። በሃይማኖት የተለየ ልጅ ግን ከወራሾች ተርታ ይወጣል፤ ስለዚህ ለወራሽ ኑዛዜ የለም የሚለው ክልከላ እሱን አይነካውም፣ ኑዛዜም ሊደረግለት ይችላል። ዘመዶችዎ ክርስቲያን ከሙስሊም አይወርስም ማለታቸው ልክ ነው፤ የተሳሳቱት ከዚያ ተነሥተው እንግዲያው ከእናቱ ገንዘብ ምንም ሊያገኝ አይችልም ማለታቸው ነው። ሲሶው በኑዛዜ የደረሰው ወራሽ ባለመሆኑ ነው። የወረቀቱ አጻጻፍም ይህን ጠብቋል፤ ለእሱ ሲሆን «ሰጥቻለሁ» ይላል፣ ለሦስቱ ሲሆን «እንደ ሸሪዓው ይካፈሉ» ብሎ ድርሻቸውን ለሕጉ ይተወዋል።

አሁን ቁጥሩን እንመልከት። ከ420 ብር ላይ 60 ሲነሣ 360 ይቀራል። ሲሶው 120 ብር ነው፤ ይህ የክርስቲያኑ ልጅ ነው። የቀረው 240 ብር ለሦስቱ ሙስሊም ልጆች ይደለደላል። ባል በሕይወት የለም፤ ቢኖር ኖሮ ልጆች ባሉበት ሩቡን ይወስድ ነበር። የእናቲቱ ወላጆችና ወንድሞች ደላንታ የቀሩ ክርስቲያኖች ስለሆኑ፣ በሕይወት ቢኖሩም እንኳ ከወራሽነት ውጪ ናቸው። ስለዚህ ያሉት ወራሾች አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው። ወንዱ የሁለት ሴቶችን ያህል ስለሚወስድ 240ው ብር በአራት ይመደባል፤ ሁለቱ እጅ፣ ማለትም 120 ብር፣ የወንዱ ይሆናል፤ ሴቶቹ እያንዳንዳቸው 60 ብር ያገኛሉ። ውጤቱ እንግዲህ ለክርስቲያኑ ወንድ 120፣ ለሙስሊሙ ወንድ 120፣ ለሁለቱ ሴቶች 60 እና 60 ነው።

ቀጥለው ደግሞ አራቱም ልጆች ሙስሊም ቢሆኑ፣ ኑዛዜም ባይኖር ምን ይደርሳቸው እንደ ነበር ያስሉ። ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ሲሆኑ 360ው ብር በስድስት ይመደባል፤ እያንዳንዱ ወንድ ሁለት እጅ፣ ማለትም 120 ብር፣ እያንዳንዷ ሴት አንድ እጅ፣ ማለትም 60 ብር ታገኛለች። ከላይ ካገኘነው አንድም ሳንቲም አይለይም። በአንጻሩ ኑዛዜው ባይጻፍ ኖሮ ክርስቲያኑ ልጅ ባዶ እጁን ይቀር ነበር፤ ሙስሊሙ ወንድም 180፣ እህቶቹ እያንዳንዳቸው 90 ብር ይወስዱ ነበር። እናቲቱ ሕጉ የፈቀደውን ሲሶ ሙሉ በሙሉ ተጠቅመው፣ የሃይማኖት ልዩነቱ ከልጃቸው የወሰደውን ድርሻ ቆንጥረው ሳያጎድሉ፣ ጨምረውም ሳያበዙ መልሰውለታል። ይህ የሆነው ልጆቹ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ስለሆኑና የባል ድርሻ ስለሌለ ነው፤ አንዲት ሴት ልጅ ብትጨመር ወይም አንድ ወንድ ቢጎድል ስሌቱ ይፈርሳል።

ይህን ያሰቡበት ናቸው ወይስ ሲሶ የተለመደው ጣሪያ ስለሆነ በአጋጣሚ ገጠመ ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። እኔ ታስቦበታል ባይ ነኝ። ነቢዩ ሙሐመድ ሲሶን ፈቅደው «ሲሶም ብዙ ነው» ማለታቸው በሐዲስ የታወቀ በመሆኑ፣ ኑዛዜን የሚያስጽፉ ዑለማዎች ተናዛዡ ከሲሶ ዝቅ እንዲል መምከር ልማዳቸው ነው፤ ወራሾች ሳይበዙ፣ ገንዘቡም ይህን ያህል ሳይሆን እስከ ጣሪያው መሄድ ምክንያት ይፈልጋል። በተጨማሪም የወረቀቱ ጸሐፊ የገንዘቡን ግምትና የሚነሣውን ዕዳ በግዕዝ አኃዝም በፊደልም ደግሞ ደጋግሞ ከጻፈ በኋላ የእያንዳንዱን ልጅ ድርሻ በብር አለመጻፉ፣ ስሌቱ በዕለቱ በተሰበሰቡት ሰዎች ዘንድ የታወቀ እንደ ነበር ያመለክታል። የኋላው ትውልድ ያጣው ይህን ስሌት ነው፤ «ሲሶ» የሚለውን ብቻ እያነበበ አንዱ ለአንዱ አደላች ይላል፣ ሌላው ሐሰት ነው ይላል። አድልዎ የሚለው ቃል በዚህ ክፍፍል ላይ ቦታ የለውም።

ቅር የመሰኘት መብት ያላት ካለች ታናሺቱ ሴት ልጅ ናት። ታላቅ እህቷ 60 ብሯን ከመውሰዷ ሌላ ቤቱ ቀድሞ ተሰጥቷታል። ይህኛው ስጦታ በሕይወት ሳሉ የሚደረገው ሂባ ነው፤ ከኑዛዜ የሚለየውም ሲሶ የሚባል ገደብ ስለሌለበትና ለወራሽም ሊደረግ ስለሚችል ነው። በወሎ በሚሠራባቸው በሻፊዒና በሐነፊ መዝሀቦች፣ ማለትም የሸሪዓ ሕግ አተረጓጎም መንገዶች፣ ዘንድ ግን ሂባ የሚጸናው ተቀባዩ የተሰጠውን ነገር በእጁ ሲያደርግ ነው፤ ሰጪው «ሰጥቻለሁ» ብሎ ንብረቱን በእጁ ይዞ ከሞተ ስጦታው ይቀርና ንብረቱ ወደ ውርሱ ይገባል። ሰጪው ለሞት ባደረሰው ሕመም ተይዞ ሳለ የሰጠውም እንደ ኑዛዜ ተቆጥሮ የኑዛዜው ገደብ ሁሉ ይመጣበታል። እንግዲህ «ቁልፉን ካስረከብኳት ሦስት ዓመት አልፏል» የሚለው ሐረግ ለወግ ያህል የገባ አይደለም። ቁልፉ ርክክቡን ያረጋግጣል፤ ሦስቱ ዓመት ደግሞ ስጦታው በጤና ዘመን የተደረገ መሆኑን ያረጋግጣል። ይህን ሐረግ ያስገባ ሰው በኋላ ምን ዓይነት ክርክር ሊነሣ እንደሚችል አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ነው። በልጆች መካከል በስጦታ ማበላለጥ በሸሪዓው የተጠላ መሆኑ እውነት ነው፤ በሁለቱም መዝሀቦች ግን የተሰጠው ይጸናል። ታላቋ ልጅ እናቷን የጦረች እሷ ከነበረች፣ እርስዎም በደብዳቤዎ እንደዚያ እንደሚነገር ጠቅሰዋል፣ በዚያ ዘመን በደሴም ሆነ በገጠሩ ጧሪ ለሆነ ልጅ ቤቱን ማስቀረት የተለመደ ነገር ስለ ነበር ብዙ አያስገርምም።

ወደ ተፋቀው ቃል ልለፍ፤ በእኔ ዓይን በላኩልኝ የወረቀቱ ፎቶ ላይ ካለው ሁሉ የበለጠ የሚመሰክረው ይህ ነው። ምስሉን አጉልቼ ስመለከተው ወረቀቱ በምላጭ ጫፍ ተፍቆ ሳስቷል፤ ሳስቶም ስለ ነበር በላዩ የተጻፈው ቀለም እንደ ጸጉር በቀጫጭኑ ተሰራጭቷል። የተፋቁት ግን የቃሉ የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው። የመጨረሻው «ቱ» አልተነካም፤ ቀለሙም ከቀሪው መስመር ጋር አንድ ነው። ከሥር የነበረው ቃል «አራቱ» ነበር ማለት ነው፤ የ«ራ» ቅሪት በግራ በኩል በጭረት መልክ ይታያል። ጸሐፊው ተናዛዧ አራት ልጆች እንዳሏቸው እያወቀ ብዕሩ እንደ ልማዱ «አራቱ ልጆቼ እንደ ሸሪዓው ይካፈሉ» ብሎ ሄዶ፣ ሲነበብ ስሕተቱ ተይዞበታል። ስሕተቱ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ አራቱ ቢባል ክርስቲያኑ ልጅ በኑዛዜም በውርስም ሁለቴ የሚያገኝ ስለሚሆን፣ ከሸሪዓው ጋር የማይገጥም ዐረፍተ ነገር በሸሪዓው ስም ተጽፎ ይቀር ነበር።

እርማቱ በኋላ ዘመን በሌላ እጅ እንዳልተደረገ የሚያሳየው ደግሞ ከመስመሩ ትይዩ በሕዳጉ ላይ ያለው ነው። እርስዎ ብዕር ለመሞከር የተጫረ የመሰለዎት ትንሽ ምልክት በዐረብኛ ፊደል «ሰሕ» የሚል ሲሆን፣ በዐረብኛ የእጅ ጽሑፍ ልማድ ጸሐፊው እርማቱ የራሱ መሆኑንና ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥበት ምልክት ነው። ከግርጌው ያሉት ሁለት የዐረብኛ መስመሮችም ማሳመሪያ አይደሉም። የመጀመሪያው ሲሶው በወሲያ ለክርስቲያኑ ልጅ መሆኑንና የቀረው ለሦስት ወራሾች መሆኑን በአጭሩ ይደግማል፤ ሁለተኛው ሙሐረም 20 ቀን 1368 ሂጅራ የሚል ቀን ይዟል። አንድ ሰው በኋላ ተነሥቶ የአማርኛውን «አራቱ» ወደ «ሦስቱ» ቢለውጥ፣ በሌላ ፊደልና በሌላ ቋንቋ የተጻፈውን «ሦስት» ሳይፍቅ አስቀድሞ እንዲስማማለት ማድረግ አይችልም። የዐረብኛው መስመር ደግሞ አልተፋቀም።

ቀኑም ተገናዝቦ ይወጣል። ኅዳር 13 ቀን 1941 ዓ.ም. በእርግጥም ሰኞ ነበር፤ በሂጅራ አቆጣጠር የ1368 ሙሐረም ሦስተኛ ሳምንት ላይ ይውላል። ሙሐረም የሚገባው ጨረቃ ታይታ ስለሆነ የአንድ ቀን መሳሳብ ቢኖር እንኳ አያስጨንቅም። ወረቀትን ዘግይቶ የሚፈጥር ሰው ሁለት የዘመን አቆጣጠሮችንና የሳምንቱን ቀን አንድ ላይ ማስማማት አብዛኛውን ጊዜ ይከብደዋል። ሌላም ትንሽ ነገር አለ። በንብረቱ ዝርዝር ውስጥ ጠገራ ብሮቹ ከድሪውና ከአምባሩ ጋር ተደርድረው በሽማግሌ ግምት ዋጋ ተሰጥቷቸዋል፤ እንደ ጥሬ ገንዘብ አልተቆጠሩም። በሐምሌ 1937 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ በኋላ ጠገራው ሕጋዊ ገንዘብ መሆኑ ቀርቶ ለጌጥ የሚቀልጥ ብር ሆኖ ስለ ነበር፣ በ1941 ዓ.ም. የሚጻፍ ዝርዝር ከጌጥ ጋር ቢያስቀምጠው የሚጠበቅ ነው። ዋናውን ወረቀት በእጅ ሳይዙ በፎቶ ብቻ የመጨረሻ ቃል መስጠት ተገቢ አይደለም፤ እስካሁን ያየሁት ሁሉ ግን ወረቀቱን ይደግፋል።

ስለ ሁለቱ ምስክሮች የተነሣው ተቃውሞ የተወሰደው ዛሬ ካለው ሕግ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 881 መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብና መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሲሆን ሁለት ይበቃሉ። ይህ ሕግ ግን የጸናው ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ ቅድመ አያትዎ ከዚያ በፊት ተናዝዘው ከዚያ በፊት ሞተዋል፤ ቀድሞ በሕግ የጸና ነገር በአዲሱ ሕግ ፎርም አይለካም። በዘመኑ የሚገዛቸው ሸሪዓው ነበር፤ በሸሪዓውም ለኑዛዜ ሁለት ታማኝ ምስክሮች በቂ ናቸው። ይህም በልማድ ብቻ የሚሠራበት አልነበረም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 62 የቃዲና የናኢባ፣ ማለትም የሸሪዓ፣ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን ሲወስን፣ ሟቹ በሞተ ጊዜ ሙስሊም ከሆነ የውርስና የኑዛዜ ጉዳይ፣ ሰጪው ሙስሊም ከሆነም የስጦታ ጉዳይ በእነሱ ዘንድ እንዲታይ አድርጓል። መለኪያው የሟች ሃይማኖት እንጂ የተቀባዩ አልነበረም፤ ስለዚህ አያትዎ ክርስቲያን ሆነው ሳለ ሲሶአቸውን የሚጠይቁበት ቦታ ደሴ የነበረው የቃዲ ፍርድ ቤት ነበር ማለት ነው። ለዚህም ይመስለኛል አማርኛው ወረቀት በዐረብኛ ግርጌ የተደረገለት፤ አማርኛው ለሁሉም ዘመድ እንዲነበብ፣ ዐረብኛው ቃዲው ፊት ቢቀርብ እንዳያከራክር ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ይሻላል። ይህ ወረቀት ለእርስዎም ሆነ ለሌላው ወገን አዲስ የንብረት ጥያቄ አያስነሣም። 120 ብሩ በ1944 ዓ.ም. ወይም በዚያው አካባቢ ተከፍሎ ያለቀ ጉዳይ ነው፤ ባይከፈል እንኳ የወራሽነት ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 መሠረት ሟች ከሞተ ወይም ከሳሹ መብቱን ሊሠራበት ከቻለበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ካለፈው ይዘጋል። አንቀጹ ከዘር ለመጣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ልዩነት ቢያደርግም፣ ይህ ልዩነት ለእርስዎ የሚያተርፈው የለም። ቤቱ በእናቲቱ ዕድሜ ለታላቋ ልጅ ተላልፎ ስለ ነበር በመጀመሪያውኑ ከውርሱ አልገባም፤ የእርስዎ ወገን በቤቱ ላይ በ1941 ዓ.ም. ያልነበረው ድርሻ ዛሬ ሊኖረው አይችልም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን የመንግሥት ንብረት አድርጎ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት ቤት በላይ ያለውን ትርፍ ቤት ወርሷል። ዛሬ በቤቱ ያሉት የታላቋ ልጅ ዘሮች መብታቸው የሚመዘነው በራሳቸው የይዞታ ማስረጃ ነው። ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንውሰደው የሚሉት ዘመዶችዎም፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት እነዚህ ፍርድ ቤቶች የሚዳኙት ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሲስማሙ ብቻ መሆኑን ቢያውቁት መልካም ነው።

ስለ ደላንታው ርስት በወረቀቱ ያለው አንድ መስመር ብቻ በመሆኑ አንዳንዶቹ ተደብቆብናል ብለዋል። የተደበቀ ነገር የለም። ርስት ከአባትም ከእናትም የሚቆጠር፣ ወንድም ሴትም እኩል የሚገቡበት የዘር መብት ስለሆነ እንደ ላምና እንደ ጌጥ በኑዛዜ ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው የሚነፈግ አልነበረም፤ እናቲቱም ይህን አውቀው «እንደ አገሩ ደንብ» ብለው አልፈውታል። የርስት መብቱ ራሱ የካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን አብቅቷል።

በፍርድ ቤት ንብረት አያስገኝም ማለት ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። አራቱ ልጆች የአንዲት እናት ልጆች መሆናቸውን በዘመኑ የመሰከረ ጽሑፍ ይህ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች በስምም በሃይማኖትም ስለሚለያዩ፣ ዝምድናው ወደ ፊት በወራሽነት ማረጋገጫ ወይም በሌላ ጉዳይ ቢያከራክር ከአፍ ምስክር የበለጠ ያገለግላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ከተዘረፉ በኋላ ደግሞ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተረፈ ወረቀት ይበልጥ ሊጠበቅ ይገባዋል። በመሆኑም እባክዎን ላሚኔት እንዳያስደርጉት። ከሚመጡልኝ ወረቀቶች ብዙዎቹን ያበላሸው እሳትና ውኃ ሳይሆን ይኸው በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በበጎ ፈቃድ የሚደረገው ላሚኔሽን ነው፤ ሙቀቱ ቀለሙን ይቀይራል፣ ፕላስቲኩም አንዴ ከተጣበቀ ወረቀቱን ሳይቀድ አይላቀቅም። የታጠፈበት ቦታ ሊላቀቅ ቢደርስ እንኳ ስኮች አይለጥፉበት። ደሴ ጭጋጋም ከተማ በመሆኗ የቆርቆሮ ሣጥን እርጥበት ይዞ ያሻግታል፤ ወረቀቱን ዘርግተው፣ በንጹሕ ነጭ ወረቀት መካከል አድርገው፣ በካርቶን ፋይል ውስጥ ከመሬት ከፍ ባለና ነፋሻ በሆነ ቦታ ያስቀምጡት። ቤተ ዘመዱ ከተስማማ በአዲስ አበባ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ቅጂውን ማስገባት ይቻላል። ለአራቱም ልጆች ዘሮች የፎቶ ቅጂ ቢያድሉ የኔ ምክር ነው፤ ስሌቱንም ከላይ እንደ ጻፍኩት በአንድ ገጽ ጽፈው ቢያያይዙት ጭቅጭቁ የሚበርድ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ከእርስዎ እጠይቃለሁ። የላኩልኝ ፎቶዎች የፊት ገጹን ብቻ ያሳያሉ፤ በታችኛው ቀኝ ማዕዘን ከጀርባ የሰረገ ቀለም ግን በሦስት አጫጭር መስመሮች ይታያል፤ ከእያንዳንዱ መስመር ጫፍም አሻራ የሚመስል ክብ ጥላ አለ። በዚያ ዘመን ወራሾች ድርሻቸውን ሲቀበሉ «ተረክቤያለሁ» ብለው የሚያስጽፉት በኑዛዜው ጀርባ ላይ ነበርና፣ ያ ሳይሆን አይቀርም። ወረቀቱን በመስኮት አጠገብ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግተው፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት አድርገው፣ ፍላሽ ሳይጠቀሙ ጀርባውን ያንሡና ይላኩልኝ። ርክክብ ከሆነ አያትዎ 120 ብራቸውን መቼና በማን እጅ እንደ ተቀበሉ ከዚያ ይነበባል።